ዛሬ ይድረስ ወይስ ይደር

ግንቦት 4

ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬስ፣ ወገቧ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርና ደህና ያልሆነውን ቀስ አድርጌ ላምጣው።

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ደብዳቤህን ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከጫማዎቹ መሐል አውጥቼ ያኔውኑ አንብቤዋለሁ። የጠየቅከኝ አንድ መስመር ነበር፤ መልሱ ነው ከብዕሬ አልወጣ ብሎ የሰነበተው። አዎ፣ የሠራህላት የሙሽራዋ ጫማ አልደረሰም። ሰርጓም አልፏል። በአሮጌ ጫማዋ ነው የቆመችው። «ፎቶ ላይ እንዳይታይ ቀሚሱን አስረዘምኩት፤ አንቺ አትዘኚ» ብላ ጻፈችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ራሴ ይቺን አጭር ግራ እግሬን ለመደበቅ ስንት ቀሚስ እንዳስረዘምኩ አንተ ታውቃለህ።

አድራሹ ድርጅት ጋ ስንቴ ደወልኩ መሰለህ። አንዱ ያነሳና «ተልኳል ይላል» ይለኛል። «የት ተልኳል?» «እሱን አይልም። ተልኳል ነው የሚለው።» በሌላ ቀን ሌላዋ ታነሳለች። «ዕቃው ምን ነበር?» «ጫማ።» «እንዴ፣ ለጫማ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ዋጋውን እንከፍልሻለን፣ ሌላ ላኪላት!» ጋሼ፣ አንዱ ሶል ከሌላው በአራት ጣት የሚወፍር ጫማ ከየትኛው ሱቅ ነው ሌላ የሚላከው? ላስረዳት ሞከርኩ። መሐል ላይ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበለችው።

ስለዚህ አዲስ አድራሽ እየፈለግኩ ነው። ደውዬ እንዳላማክርህ ጆሮህ ከሄደ ቆየ፤ በስልክ እንዳትጽፍልኝ በማስቲሽ የደደረ ጣትህን የስልኩ መስታወት አላውቅህም ብሎታል። እትዬ «እኔ ልጻፍልህ» ብትልህ «የሰው አፍ አልዋስም» አልካት አሉ። እንግዲያው እንደለመድነው በአውቶቡስ ሣጥን እንነጋገር።

ከቤቴ ዝቅ ብሎ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። የመጋረጃ ሰፊዋን ዕቃ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሄጄ አናገርኳቸው። ሣጥኑን ተቀብለው ወዘወዙት፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው አዳመጡት፣ «ይህ አይሰበርም፤ ግን ይረጥባል» አሉኝ። ከወንዙ ማዶ አይሻገሩም። ዝናብ ከጣለ አይወጡም። «ለደንበኛ መቼ ይደርሳል ልበል?» ስላቸው «ስደርስ በያቸው» አሉኝ። ደስ አሉኝ። ግን በ«ስደርስ» ገበያ ይቆማል?

ሌላው አዲስ ድርጅት ነው፤ ቢጫ ሣጥን ከኋላቸው የጫኑ ሞተረኞች አሉት። ስልክ የምታነሳው ሴት ድምጿ ማር ነው። ዛሬ ከሰጠኋቸው ዛሬ ይደርሳል፤ ከዘገየ የከፈልኩት ይመለስልኛል። «ታዲያ እናንተ አትከስሩም?» አልኳት። ሳቀች። «እኛ ለምን እንከስራለን? ከሞተረኛው ነው የሚቆረጠው። ለዚህ እኮ ነው የማይዘገዩት።» ይቺ ነገር ትንሽ ከነከነችኝ። አንተ የምትለኝን ጻፍልኝና እወስናለሁ።

እህትህ

ግንቦት 11

ሚጣ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኛ ደህና ነን። የእትዬሽ ወገብ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይሰማል፤ በአንድ ቤት እኔ ጆሮዬ አይሰማ፣ እሷ ወገቧ ይሰማል። እንዲህ ተቻችለን እንኖራለን።

የሙሽራዋን ነገር ያነበብኩ ዕለት ወስፌዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ማታ ነው የተመለስኩት። አይተሽው አይደል ያን ጫማ? ነጭ ቆዳ ስሠራ እጄን ስንቴ እንደምታጠብ ታውቂያለሽ። እኔ የምሠራው ጫማ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ዓለምን ብትዞሪበት ለሌላ እግር አይሆንም። ያገኘው ሰው እንኳ አያደርገውም፣ ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ሌባ የማይፈልገውን ዕቃ የሚያጠፋ አድራሽ ከሌባም የባሰ ነው።

አንቺ ድሮም አንጀትሽ ለሰው ይላወሳል። ሽማግሌውን የወደድሻቸው ስላሳዘኑሽ ነው። «ስደርስ» የሚል ሰው ለመጋረጃ ይሆናል፤ መጋረጃ የጎደለበት መስኮት አፍሮ ቤት አይውልም። ለእኛ ዕቃ ጠንከር ያለ ሰው ያስፈልጋል።

ከሞተረኛው ይቆረጣል ላልሽው፣ ይቆረጥ! እኔ ሶል አጣምሜ ብሰፋ ከማን ነው የሚቆረጠው? ቆዳውም ጉልበቱም ከእኔው ነው። ሰው ሥራውን የሚጠብቀው ሲያጠፋ የሚያመው ነገር ሲኖር ነው። ባለ ቢጫ ሣጥኖቹን ያዢና ገላግይኝ። ደግሞ አትለማመጫቸው። ጫማውን ያጠፉትንም እንዲሁ ዝም ብለሽ አትተያቸው፤ የሙሽራዋን ነገር በገዛ እጅሽ ጽፈሽ አለቃቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ዝም ያለ ሰው ሁሌ የተስማማ ይመስላቸዋል።

ለሙሽራዋ ሌላ ጫማ ጀምሬያለሁ። ገንዘብ እንዳትጠይቂያት። ሰርጉ ቢያልፍም እግሯ አላለፈም።

ወንድምሽ

ሰኔ 9

ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? በትእዛዙ ወረቀት ጀርባ ላይ በችኮላ «መጣሁ ወሰደው» ብዬ ጽፌ ግራ አጋባሁህ አይደል? «መጣሁ ማለት ምን ዓይነት አድራሻ ነው?» ብለህ የጻፍከውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

መጣሁ ሰው ነው። ያዢ ካልከኝ ከባለ ቢጫ ሣጥኖቹ ለእኔ ሰፈር የተመደበው ሞተረኛ። ስልክ ሲያነሳ ሰላምታ የለ፣ ማን ልበል የለ፤ «መጣሁ» ይልና ይዘጋል። መቼም በዚህ ዓለም «መጣሁ» የሚል ሰው ሁሉ ገና አልጋው ሥር ካልሲውን እየፈለገ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እኔም የመጀመሪያው ቀን ሻይ ልጣድ ብዬ ዞር ስል በሩ ተንኳኳ። እውነትም መጥቷል! ረጅም፣ ቀጭን፣ የዝናብ ልብሱ ጉልበቱ ላይ በሌላ ቀለም የተጣፈ ሰው ነው። ሣጥን በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው፤ ሕፃን የሚቀበል ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን «ይሄ በአንድ በኩል ለምን ይከብዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ከማደክም ብዬ የራሴን እግር አሳየሁት። አየ፣ አየና «እኔ ደግሞ አንዱ ውስጥ ብር የደበቅሽ መስሎኝ ስንት መንገድ በሐሳብ ሀብታም ሆኛለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ሰጥቶ አይሄድም። ለክተው እስኪያዩት በር ላይ ይጠብቃል። ይህን አድርግ ያለው የለም፣ የሚከፈለውም የለም። አንዷ ደንበኛዬ ማጎንበስ አቅቷት ተንበርክኮ ማሰሪያውን እንዳሰረላት ጻፈችልኝ። ሙሽራዋም ጫማዋን ያገኘችው ከእሱ እጅ ነው። ስለ ጫማው ምን እንዳለች ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ ብቻ ባሏ ጭምር አመስግኗል።

ስለ መቁረጡ ጠይቂው ስላልከኝ ጠየቅሁት። «ይቆረጣል» አለ። «ብዙ ነው?» «እንደ ቀኑ ነው።» የራስ ቁሩን አጠለቀ፤ ከዚያ በኋላ ፊቱ አይታይም። አስነስቶ ሄደ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁትም። ሰው በገዛ ሥራው ሲቀለድበት ይስቃል፣ ስለ ደመወዙ ሲጠየቅ ግን ይዘጋል፤ አንተም እንዲሁ ነህ።

ገበያው ጥሩ ነው። ገጼ ላይ «በተባለው ቀን ይደርሳል» ብዬ በትልቁ ከጻፍኩ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። በዚህ ሣጥን አምስት የእግር ንድፍ አለ። አንደኛዋ ነርስነት ልትመረቅ ነው፤ ደረጃ ወጥታ መድረክ ላይ የምትሄድበትን ነው የምትፈልገው። ቃል ገብቼላታለሁ።

እህትህ

ሰኔ 27

ሚጣ፣

አውቶቡሱ ሳይወጣ ልድረስ ብዬ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

«ምን ነክቶህ ነው እስካሁን?» ማለትሽ ልክ ነው፣ አጥፍቻለሁ። የተመራቂዋን ጫማ ሰፍቼ ጨርሼ ሁለቴ ፈታሁት። ደረጃ የምትወጣ ናት ብለሽኛል። ደረጃ ለሚወጣ እግር አፍንጫው ትንሽ ብድግ ካላለ ጠርዙ ያደናቅፋታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኔ ጫማ ከሚጥላት በባዶ እግሯ ብትሄድ ይሻላታል። ዛሬ ጠዋት ነው የጨረስኩት፣ ማስቲሹ ራሱ በደንብ አልደረቀም።

ነገ አንቺ ጋ ይደርሳል፤ ምርቃቷ በማግስቱ ነው ብለሻል። እንግዲህ ነገውኑ እጇ ካልገባ ድካሜ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ያን ሰውሽን ሰላም በይልኝ። «ወንድሜ የዘገየውን አንተ አካክስለት» በይው፤ ይስቅ እንደሆን።

ሹፌሩ እየጠራኝ ነው፤ እትዬሽ ናት እጄን የጎተተችኝ፣ እኔማ የት እሰማለሁ።

ወንድምሽ

ሐምሌ 3

ጋሼ፣

የተመራቂዋ ጫማ ደርሷታል። በልኳ ነው፤ ደረጃውንም ወጥታበታለች።

ያልከኝን ሰላምታ አላደረስኩም። በዚህ ሣጥን ትእዛዝ የለበትም፤ ባዶውን መላኬ አያሳስብህ። ትንሽ አሞኝ ነበር። እትዬን ሳምልኝ።

እህትህ

ሐምሌ 12

ሚጣ፣

ባዶ ሣጥን ስከፍት ምን እንደሚሰማኝ ልንገርሽ? እጄን ከታች አስገብቼ ዳበስኩ። ምናልባት አንዲት ወረቀት ተጣብቃ ትሆናለች ብዬ።

አሞኝ ነበር አልሽ። ምንሽን? ስትታመሚ እኮ ደብዳቤሽ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ጉንፋን ይዞሽ ስለ አፍንጫሽ ብቻ ሁለት ገጽ የጻፍሽልኝን ረስተሻል? በዚያ ላይ ስለ ሰውየሽ አንድ ቃል የለም። «አላደረስኩም» ብለሽ ዘጋሽው። ሰላምታ የማይደርስለት ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሄዷል፣ ወይ... ሦስተኛውን አልጽፈውም።

እትዬሽ ደብዳቤውን ሰጥቻት አነበበችው። አንብባ አጠፈችው፣ ተነስታም ወደ ውስጥ ገባች። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ያለ ጆሮም ይሰማኛል።

እኔ ጨካኝ ነገር ጽፌልሽ እንደነበር አስታውሳለሁ። የሆነውን ጻፊልኝ። አትፍሪኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የደበቅሽኝ ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ ለሁለታችንም ከብዶ ነው የተገኘው።

ወንድምሽ

ሐምሌ 20

ጋሼ፣

ይቅር በለኝ። ልጽፍ ስቀመጥ እጄ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። አልሞተም። ሦስተኛውን አልጽፈውም ስላልክ እሱን ላስቀድምልህ። አልሞተም።

ያን ዕለት ሣጥንህ እጄ የገባው ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ነው። ጫማውን አውጥቼ እየጠቀለልኩ ሳለ ዝናቡ ወረደ፤ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ድንጋይ እንጂ ውሃ አይመስልም ነበር። ያቺ ድምጿ ማር የሆነችው ደወለች። «ማዶ መንገዱ ውሃ ሞልቷል እያሉ ነው። ዕቃሽ ዛሬ ይድረስ ወይስ ይደር?» አለችኝ። «ይደር ካልኩስ?» «ደንበኛዋ ራሷ ይደር ካለች በማንም ላይ አይቆረጥም። ገንዘብሽ የሚመለስበት ዋስትና ግን ይቀራል።» ጋሼ፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችኝ። ሳይቆረጥበት ቤቱ እንዲገባ የሚያደርገው ቃል እኔ አፍ ውስጥ ነበር። ሙሽራዋ ትዝ አለችኝ። ሁለቴ የፈታኸው ሶል ትዝ አለኝ። «ዛሬ፣ የግድ ዛሬ» አልኳት።

መጣሁ መጣ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሣጥኑን በላስቲክ ጠቀለለ፣ እንደገና በሌላ ላስቲክ ጠቀለለ፤ «ዕቃው አይረጥብም» አለኝና ሄደ። ስለ ራሱ ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። አመሻሽ ላይ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ «ዕቃዎ ደርሷል። ስላገለገልንዎ ደስ ብሎናል።» እኔም ደስ ብሎኝ እግሬን ዘርግቼ ሻይ ጠጣሁ። ይቺ ሻይ ናት እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ያለችው።

ማታውኑ አንድ ሌላ ሞተረኛ ደረሰኙን ሊያስፈርመኝ መጣ። «መጣሁስ?» አልኩት። «ማን?» «ረጅሙ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈው።» «እሱማ ወደቀ እኮ! አልነገሩሽም? በዚያ ዝናብ ድልድዩ ጫፍ ላይ ሞተሩ ከሥሩ ሸሸበት፣ የጭነት መኪና ደግሞ ከኋላው ነበር። ዕቃሽን ሌላ ልጅ ከመንገድ አንስቶ አደረሰልሽ።» ሣጥኑን አንስተዋል ጋሼ። መጀመሪያ ያነሱት ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ተመራቂዋም በዚያው ምሽት ልታመሰግነኝ ደወለች። ጫማው በልኳ እንደሆነ ነገረችኝና «ያ ሞተረኛ ሰላም ነው?» አለችኝ። «ዝናብ ይዞኛል ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ነገ ጠዋትም ይሆናል፣ እኔ የምመረቀው ከሰዓት በኋላ ነው አልኩት። አይ፣ ዛሬ ተብሏል፣ መጣሁ አለኝ። ከዚያ ግን ሌላ ሰው ነው ያመጣው።» «ሰላም ነው» አልኳት። ነገ የምትመረቅ ልጅ ላይ ይህን እንዴት ልጫን?

ሆስፒታል ሄድኩ። ባለቤቱ ልብስ ተኳሽ ናት፤ እጇ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። እግሩ ከጉልበቱ በላይም በታችም ተሰብሯል። «ሲድን ያጥራል ብለዋል» አለችኝ። ከዚያ ወደ መሬት አየች። የእኔን ጫማ ነበር ያየችው።

ድርጅቱ ለሕክምናው አንከፍልም ብሏል። በዝናብ ውጡ ብለን አናዝም፣ በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው ብለዋል። ባለቤቱ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አመልክታለች። «አንቺ ታውቂያለሽ፤ መጥተሽ ብትናገሪልን» አለችኝ። አልለመነችኝም፣ አንዴ ነው ያለችው። በበነጋው ደግሞ ያቺ የድርጅቱ ሴት ደወለች። ድምጿ እንደ ድሮው ነው። «ንግግራችን ሁሉ ተቀድቷል እኮ የኔ እህት። ዛሬ፣ የግድ ዛሬ ያልሽው አንቺ ነሽ። ምን ውስጥ ትገቢያለሽ? እኛ ከተውንሽ ደግሞ ማዶ ማን ያደርስልሻል?»

እስካሁን ለሁለቱም መልስ አልሰጠሁም። ለዚህ ነው ሣጥኑን ባዶ የላክሁልህ።

እህትህ

ሐምሌ 27

ሚጣ፣

ሁለቴ ጽፌ ቀደድኩ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምንም ቢመስል ይላካል።

«የግድ ዛሬ» ያልሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ጠንካራውን ያዢ፣ ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማውን አዘግይቼ ቀኑን የበላሁበትም እኔ ነኝ። «ወንድሜ የዘገየውን አንተ አካክስለት» በይው ብዬ ቀልጄበታለሁ። ሰላምታዬን አለማድረስሽ ጥሩ አደረግሽ። ያ ቀልድ ጆሮው ገብቶ ቢሆን ዛሬ የት እገባ ነበር?

ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ጥያቄሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ቅሪ ነበር። አፌ ሂጂ ሊልሽ ይፈልጋል፣ ሆዴ ግን ስንት እግር ንድፍ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀን እንደሆነ ያስባል። ያ በር ከተዘጋ የእኔም ወስፌ ይዝጋል። ይህን ለእትዬሽ አልኳት። ታውቂያታለሽ፣ እኔን ስታናግር ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን እንዳነብ ታደርጋለች። «ጫማ ሲጠፋ ጽፈሽ አለቃቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ ዝም አትበዪ ያልካት አንተ አይደለህም?» አለችኝ። «ሰው ሲጠፋ ነው ዝም የምትሉት?» ይህንኑ ብላ ፊቴን ለቀቀችው።

ሂጂ። «ዛሬ» ማለትሽንም አትደብቂ፤ ቢያሰሙሽ ስሚ። ከተጠየቅሽ ጫማውን ያዘገየው ወንድሜ ነው በይ። እኔ ብመጣም የሚጠይቁኝን አልሰማም፣ ለነገሩ መልሱን ካሁኑ ይኸው ጽፌልሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እንዴት ብለሽ እንደምታነሺበት አላውቅም። አጥንቱ ሲገጥም የእግሩን ንድፍ ወረቀት ላይ አንሺልኝ። በዕድሜዬ የምችለው ጫማ መሥራት ነው። ግን እሱ ከፈቀደ ብቻ። ካልፈቀደ እንዳትለምኚው።

ወንድምሽ

ጥቅምት 2

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እትዬን አመስግንልኝ። ፊትህን ይዛ ያለችህን እኔም መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ለራሴ ስለው ነበር።

እንዴት ሆነ ላልከኝ፣ እንዲህ ሆነ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይከፈት መስኮት። በአንድ በኩል ድርጅቱ የላከው ሰው፣ በሌላው መጣሁና ባለቤቱ፣ እኔ ጫፍ ላይ፣ ፊት ለፊታችን የመሥሪያ ቤቱ ሰብሳቢ። መጣሁ ሁለት ክራንች ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ከስቷል። ሰላም ስለው በጭንቅላቱ ብቻ መለሰልኝ።

የድርጅቱ ሰው እንደ ዛቱት ቅጂውን አሰማ። የገዛ ድምፄን በዚያ ክፍል ውስጥ ሰማሁት። «ዛሬ፣ የግድ ዛሬ።» ደግሞ እኮ ጋሼ ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ደስ የሚል፣ ሥራ የበዛባት ሴት ድምፅ። መጣሁ ወለሉን ነበር የሚያየው።

ሰብሳቢው «ይደር ብትዪ ኖሮስ?» አሉኝ።

«ይደር ነበር።»

«ይህን እያወቅሽ ለምን አላልሽም?»

«ለሰው ቃል ገብቼ ነበር። ጫማውም ከወንድሜ ዘግይቶ ነው የመጣው። ግን መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሞተረኛውን የጠየቀው የለም። ይድረስ ወይስ ይደር ተብሎ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ የወጣው ግን እሱ ነው። በራሱ ፈቃድ ወጣ የሚባለው እንዴት ነው?»

የድርጅቱ ሰው ተቆጣ፤ ሰብሳቢው በእጃቸው አስቆሙት። ከዚያ ብዙ ቀጠሮ፣ ብዙ ኮሪደር። በመጨረሻ የሕክምናውን ድርጅቱ እንዲከፍል፣ እስኪድንም ለተወሰነ ጊዜ እንዲደጉመው ተወሰነ። ወደ ሥራ ግን አይመለስም። በዚህ እግር ሞተር አይነዳም፣ ሌላ ሥራ ደግሞ የለንም ብለዋል። የመቁረጡ ደንብም እንዳለ ነው። ሰብሳቢውን ጠየቅኋቸው፤ «እሱ የውስጥ ደንባቸው ነው፣ እኛ አንገባበትም» አሉኝ። ዛሬም አንዱ በዝናብ ውስጥ እየነዳ ይሆናል።

እኔን ሳይውሉ ሳያድሩ ነው የተዉኝ። ያቺ ሴት ራሷ ደወለች፤ «ከእንግዲህ የአንቺን ሰፈር አንሸፍንም» አለችኝ፣ በዚያው ድምጿ። ሽማግሌውን ልለምን ወረድኩ፤ ብስክሌታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሄደዋል አሉኝ። እኔው በአውቶቡስ እየወሰድኩ ነው። ሩቅ ያሉትን ተውኳቸው።

የጠየቅከኝን የመጣሁን ጫማ ነገር አንስቼበታለሁ። ቤታቸው ሄጄ፣ ባለቤቱ እየተኮሰች፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ። አንተ ማን እንደሆንክ ነገርኩት፤ የጫማውን ሥራ ለእኔ ብለህ እንደተማርከው፣ እንዴት እንደምትሠራው ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ንገሪው፣ አልተቀየምኩትም» አለኝ። «ግን ይቅርብኝ። ጠዋት ጠዋት ያን ጫማ ባደረግኩ ቁጥር ያን ድልድይ ነው የምረግጠው።» ባለቤቱ ቀና ብላ አየችውና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። አልለመንኩትም፣ እንዳልከኝ። ሠርተህ ከሆነ ተወው። እንደማውቅህ ከሆነ ጀምረሃል።

ከውሳኔው ቀን አንድ ነገር ብቻ ልጻፍልህና ላብቃ። ሲያልቅ ባለቤቱ ወረቀት ልታስፈርም ቀረች፤ እኔና እሱ ቀድመን ወጣን። መሥሪያ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ጠባብ ነው። እሱ በክራንች፣ እኔ በዚህ ጫማዬ፣ ከኋላችን ወረቀት የያዘ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዱ ምላሱን ጠቅ አድርጎ ተነፈሰ። መጣሁ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመና «እለፊ» አለኝ። «አይ፣ አንተ ቅደም» አልኩት። «እለፊ ግዴለም» አለኝ፤ «እኔ ከእንግዲህ የሚያስቸኩለኝ የለም።»

አለፍኩት። ታች ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እንኳ አልጨረሰም ነበር።

በዚህ ሣጥን ሁለት የእግር ንድፍ አለ። ባለቤቶቻቸው፣ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴትዮ፣ መቼ እንደሚደርስ ጠይቀውኛል። ሲያልቅ እኔው አመጣዋለሁ እንጂ ቀን አልቆርጥም አልኳቸው። ሰውየው እጠብቃለሁ ብሏል። ሴትዮዋ እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ ቢሆንም የእሷንም ልኬልሃለሁ።

እህትህ